ሳሙና ያለበት ዘይት

መጋቢት 3 ቀን 2006፣ ረቡዕ። ካርቱም፣ ዴም

ህሊና ዛሬ ከአል-ሳሃፋ ሰፈር መጥታ ይህን ደብተር ሰጠችኝ። «ማማ፣ ሁሉን ነገር በስልክ ለኔ ከምትነግሪኝ እዚህ ላይ ጻፊው» አለችና ሳቀች። ልጄ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ስላደገች አማርኛ ትናገራለች እንጂ ንባቡ ላይ የለችበትም። ባሌ ሰብስቤም ከእንግዲህ አያነብም። ስለዚህ የምጽፈውን የሚያይብኝ የለም፤ እንደልቤ ልሁን።

የሰብስቤ ዓይን ከጥር ወዲህ ብሶበታል። ስኳሩ ነው። ሐኪሙ የግራው አይመለስም፣ ቀኙን ለማቆየት እንሞክራለን ብሏል። በቀኙም ቢሆን በር ላይ ሰው ሲቆም ጥላውን ያያል እንጂ ማን እንደሆነ የሚለየው በድምፁ ነው። ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ሰፈር ያለው የመኪና ወርሻ ውስጥ ግን ይህን ማንም አያውቅም፤ መካኒክ አላይም ካለ ማን መኪናውን ያምነዋል? ጠዋት ጠዋት አብሬው በሀፍላ አውቶቡስ ድልድዩን እሻገራለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ስኳር ስላለበት በሰዓቱ ላበላው ነው» እላለሁ። ከዚያ አጠገቡ ቆሜ ዓይን እሆነዋለሁ። ከቀትር በኋላ ተመልሼ እጅጋየሁ ምግብ ቤት ወጥ እሠራለሁ።

ደንበኞቹ አንድ በአንድ ሄደዋል። የቀረችው የኡስታዝ ኦመር መኪና፣ ሞሪሷ፣ ብቻ ናት። ሱዳን ነጻ በወጣችበት ዓመት አባታቸው የገዟት፣ አፍንጫዋ ክብ የሆነ፣ አረንጓዴ የእንግሊዝ መኪና። ሰብስቤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዟታል። ግንቦት 21 የኡስታዝ ልጅ ትዳራለች፤ በአያቴ መኪና ካልሆነ አልሄድም ብላለች አሉ። ሰብስቤ ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም፣ ደስ ብሎት ነው። እኔ ግን እፈራለሁ። ይህቺ መኪና ከእጁ ከወጣች ሰብስቤ የሚባል መካኒክ አይኖርም። አልጋ ላይ የተቀመጠ አንድ ዓይነ ስውር ሰውዬ ነው የሚቀረኝ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ ካንዴላዎቹን አወጣ። እሱ በጣቱ ይዳስሳል፣ እኔ መልኩን በሹክሹክታ እነግረዋለሁ። ሰው አጠገባችን ሲኖር ደግሞ ትከሻውን እነካዋለሁ፤ አንዴ ከሆነ ደህና፣ ሁለቴ ከሆነ ችግር አለ ማለት ነው። ማን አስተማረን? ማንም። እንዲሁ መጣልን።

ረጅሙን ካቻቪቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ብታዩት ሐኪም ነው የሚመስለው። «እጄ ካለ ዓይን ትርፍ ነው» ይለኛል።

ካሳሁን ከጎናችን ነው የሚሠራው፣ የጎንደር ልጅ ነው፣ ቀልደኛ። «እትዬ ይመኙሻል፣ ጋሼን በዚህ ዕድሜው ማን ይወስድብኛል ብለሽ ነው እንዲህ የምትጠብቂው?» አለኝ። «ሞሪሷ ናታ» አልኩት። ወርሻው በሙሉ ሳቀ። ሰብስቤም ሳቀ፣ ግን ፊቱን ያዞረው ካሳሁን ወዳልነበረበት በኩል ነው። ቶሎ ክንዱን ይዤ አዞርኩት። ካሳሁን አይቶ ይሆን?

ስንመለስ ሸሚዜ ቆሽሿል ወይ አለኝ። ደረቱ ላይ ይህን የሚያህል የዘይት ነጠብጣብ አለ። ንጹሕ ነህ አልኩት። ምን ልበለው፣ ሀፍላ ውስጥ ሊሸማቀቅ?

መጋቢት 13

ሙቀቱ አይጣል ነው። ሀፍላ ጠፍቶ ድልድዩ ድረስ በእግር። ባጃጅ፣ እዚህ ረክሻ የሚሉት፣ ሰብስቤን ለጥቂት ሳተው። «አየሁት እኮ» ይለኛል። አላየውም።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሞሪሷን ዘይት አፈሰሰ። እኔ ከዚህ በፊት ሲፈስ አይቼ አላውቅም ነበር። ሬንጅ ነው! አፈርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልታጠበ ድስት ማለት እኮ ነው። እኔ በሽቦ ያልፈተግኩትን ድስት እጅጋየሁ ፊት አላቀርብም።

ሰብስቤ ኢሳ ሱቅ ሂጂ አለኝ። «ወፍራሙን፣ ተራውን፣ ሀምሳ ቁጥሩን። ለሞሪሷ ነው በይው፣ እሱ ያውቃል። ሌላ እንዳትይዢ።» አራት ጊዜ ነገረኝ፣ እንደ ሕፃን።

ኢሳ ያ ዘይት አልቋል አለኝ። የሚጠይቁት ሰዎችም አልቀዋል ብሎ ሳቀ፤ ምናልባት ኦምዱርማን አንድ ሁለት ሱቅ ይኖራል። ከዚያ አንድ የሚያምር ጣሳ አወረደ። አዲስ የመጣ ነው፣ ሞተሩን ከውስጥ ያጥባል አለኝ። «ያ ሐበሺያ፣ አንቺ ቤትሽን ሳትጠርጊ ሃያ ዓመት ትቀመጫለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በጾም ሆዴ፣ በዚያ ፀሐይ ኦምዱርማን ድረስ? ደግሞም ነገሩ አሳማኝ ነው። እናቴ በየሁለት ወሩ ኮሶ ታጠጣን ነበር፤ እያለቀስን እንጠጣለን፣ እየተንገፈገፍን እንውላለን፣ በማግሥቱ ሰውነታችን ላባ ይሆናል። ሆድ ካልታጠበ ሰው ምን ጤና አለው? ብረትስ ቢሆን?

ያዝኩት። ጥሩ ነገር ነው።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ተጨመረ። ከመጨመሩ በፊት ሰብስቤ ሁለት ጣቱን ጣሳው ውስጥ ነከረና በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

«ቀጠነሳ» አለ።

«ሙቀቱ ነው» አልኩት።

እንደገና አሸው፣ አሸተተው። «ያው የድሮው ነው?»

«ያው ነው።»

«እንግዲያው ጣቴም አርጅቷል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሠርጉ በኋላ እነግረዋለሁ፣ ያኔ አብረን እንስቃለን።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ኡስታዝ ኦመር መጡ። ሞተሩ ሲነሣ እንደ ስፌት መኪና ጥ-ጥ-ጥ ነው የሚለው። «ሰብስቤ፣ አባቴ ከመቃብር ይነሣል» አሉ በእጃቸው ኮፈኑን እየዳበሱ። ሰብስቤ እንደ ሙሽራ አቀረቀረ። በኔ ዘይት እኮ ነው! ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ትንሣኤን በሰላም አሳለፍን፣ ተመስገን። ህሊና መጥታ ነበር፣ የበላችው ግን እንደ ወፍ ነው።

ዛሬ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዤ አየሁት። ገና በሦስት ሳምንቱ ጥቁር ሆኗል! እድፉን እያወጣላት ነው ማለት ነው። ኮሶም እንደዚሁ ነው፣ የሚወጣውን አይተሽ ነው መሥራቱን የምታውቂው። ሰብስቤ መልኩ ምን ይመስላል አለኝ። ጥቁር ነው ብዬ ብነግረው ይጨነቃል፣ ይጠይቀኛል፣ ያም ያንን ያመጣል። «እንደ ማር ነው» አልኩት።

«ጎሽ» አለ።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

አንድ ነገር። የዘይት ግፊቱን የምታሳየው መርፌ ድሮ መሃል ላይ ትቆም ነበር፣ ዛሬ ዝቅ ብላለች። ብዙም አይደለም። ኡስታዝ አጠገባችን ነበሩ፣ ሰብስቤ ፊቱን ወደኔ መለስ አደረገ፣ ምልክቴን እየጠበቀ። እንዴት ብዬ በእሳቸው ፊት ሁለቴ እነካዋለሁ? አንዴ ነካሁት። ነገ በደንብ አየዋለሁ።

ሚያዝያ 22

ትናንትም ዛሬም ምግብ ቤቱ ሠርግ ነበረበት፣ ወርሻ አልሄድኩም። ሰብስቤም ቤት ዋለ። መርፌዋ ከዓይኔ አልጠፋችም። መርፌ ነገር ምን ታውቃለች።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ድልድዩ ላይ ቆመች።

ኡስታዝ ራሳቸው ይዘዋት ሲሻገሩ። መጀመሪያ ተንኳኳ፣ ከዚያ ቀጥ። በገመድ ጎትተው አመጧት። ከኋላዋ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባ። ሰብስቤ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆመ፣ የሚሰማ ነገር ግን አልነበረም። ሠርጉ ሃያ አራት ቀን ቀርቶታል።

ወጡን አሳረርኩት።

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

ካሳሁን ከሥር ገብቶ የዘይቱን ገንዳ አወረደው። ውስጡ ጥቁር ጭቃ ሞልቶታል፣ እንደ ተወቀጠ ኑግ። ዘይቱን ወደ ላይ የሚስበው ወንፊት ጨርሶ ተደፍኗል፣ ሞተሯ ሳትጠጣ ነው ስትሮጥ የከረመችው። ብረት ብረትን በልቶታል። መለዋወጫው ካርቱም የለም፤ ከእንግሊዝ አገር ቢገኝ እንኳ ከወራት በኋላ ነው።

ካሳሁን እጁን እየጠረገ «ጋሼ፣ ዘይት ቀይረህ ነበር?» አለ።

«ያው የድሮውን ነው።»

«አይ፣ እንዲህ የሚያደርገው ሳሙና ያለበት ዘይት ነው እኮ። አሮጌ ሞተር እድፉን ጥግ ጥጉ ላይ አስተኝቶ ነው የሚኖረው። ሳሙናው ከቀሰቀሰው በአንዴ ተነሥቶ ጉሮሮዋን ይዘጋዋል።»

ሰብስቤ አውራ ጣቱን በሁለት ጣቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ቀጥኗል ብዬ ነበር» አለና ፊቱን ወደኔ አዞረ። እኔ ወደ መሬት አየሁ፤ የሚያየኝ ይመስል።

ያኔ ነበር መናገር። አንድ ቃል ነበረች። ካሳሁን አለ፣ ኡስታዝ ኦመር አሉ፣ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎችም ቆመዋል። እሱ ቀደመኝ።

«ዘይቱ አይደለም» አለ። «ጥር ላይ ወንፊቱን አውጥቼ በጣቴ ዳስሼ ንጹሕ ነው ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ጣቴ ነው የዋሸኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኡስታዝ።»

ኡስታዝ «ማዓሌሽ፣ ማዓሌሽ፣ ግድ የለም» እያሉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ቢሰድቡት ይሻል ነበር።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ኢሳ ሱቅ ሄድኩ። ልጣላው ነበር የሄድኩት። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ሰውዬው ደነገጠ። «ለሞሪሷ ነው አላልሽኝም እኮ። ብትይኝ ኖሮ ራሴ ኦምዱርማን ሄጄ አመጣልሽ ነበር። ሰብስቤ እንዲህ ያለውን ዘይት በእጁ እንደማይነካው ገበያው በሙሉ ያውቃል» አለኝ።

አላልኩትም ነበር? አላልኩትም። ፀሐዩ፣ ጾሙ። ቸኩዬ ነበር። ለሞሪሷ ነው ብዬ ብነግረው ኦምዱርማን ሂጂ ይለኛል ብዬ ይሆን? አላስታውስም።

አስታውሳለሁ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ምሳ ይዤ ስገባ ኡስታዝ ኦመር ከካሳሁን ጋር ሞሪሷ አጠገብ ቆመው ያወራሉ። በቀስታ ነው፣ ግን ይሰማል። ዓይኑ እንደማያይ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አውቅ ነበር አሉ። ቁልፍ ስሰጠው ከእጄ አጠገብ አየሩን ሲዳብስ አይቻለሁ አሉ። መኪናዬን ልወስድ አስቤ ሐራም ነው ብዬ ተውኩት አሉ። ካሳሁንም እኔም አውቅ ነበር አለ። ለካ ሁሉም ያውቃል! ወርሻው በሙሉ እያወቀ ነው የከረመው። እኔና ሰብስቤ ብቻ ነበርን የደበቅን የመሰለን።

ሰብስቤ ከበሩ ጀርባ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጆሮው ደግሞ የታወቀ ነው። ምሳውን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «አዝነውልኝ ነው እንጂ ሥራዬን ብለው አይደለም የመጡት» አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራህን ብለው ነው የመጡት አልኩት። «አንቺ ደግሞ» አለኝ።

ግንቦት 12

አባ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ለእግዚአብሔር ነግረሻል፣ አሁን ለባልሽ ንገሪው አሉኝ። ስግደት ቢሰጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ። ማርያም

ሙሽራዋ በነጭ የኪራይ መኪና ሄደች። ሴቶቹ ደሉካ እየመቱ ዘፈኑ፣ እልል አልኩ እኔም። ኡስታዝ ሰብስቤን ከጎናቸው አስቀመጡት፣ ሥጋ በእጃቸው አጎረሱት። መኪናው ሲነሣ ጆሮውን ቀና አደረገና «አዲስ ነው፣ ጃፓን» አለ።

ግንቦት 24፣ እሑድ

መፍቻዎቹን ሁሉ ለካሳሁን ሰጠው። ያንን የሚያዳምጥበትን ካቻቪቴ ጭምር። ካሳሁን አልወስድም ብሎ ለመነው፣ ኋላ እያለቀሰ ወሰደ። ሰብስቤ ግን አላለቀሰም። «ዓይኔ ሲሄድ እጄ አለ ብዬ ነበር። እጄ ዋሾ ከሆነ ግን ሰው ላይ አደጋ ሳላደርስ መተው ነው» አለ። ተረጋግቶ ነው የሚናገረው፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ።

እጁ ዋሾ አይደለም። እጁ ያን ቀን እውነቱን ነግሮታል። ቀጥኗል ብሎታል። ዋሾዋ እኔ ነኝ። ጻፍኩት። ጽፌ አላውቅም ነበር እስከ ዛሬ፣ ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት፣ አንድም ቦታ ላይ እንዲህ ብዬ አልጻፍኩም።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ነገርኩት።

ከሥራ እንደገባሁ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ፊቱ ተቀመጥኩ። ሁሉንም፦ ኢሳን፣ ጣሳውን፣ ኮሶውን፣ ሙቀቱ ነው ያልኩትን፣ እንደ ማር ነው ያልኩትን፣ የመርፌዋን ነገር። እያለቀስኩ ነው የነገርኩት። ይመታኛል ብዬ አልነበረም፣ በሠላሳ ዓመት እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ይጮኽብኛል ብዬ ነው። ይጩኽብኝ ብዬም ነው። እንዲቆጣ፣ ተነሥቶ ወርሻ እንዲሄድ፣ እጄ ደህና ነበር ብሎ ለዓለም እንዲናገር።

አስጨረሰኝ። ከዚያ እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

«ይሜ» አለኝ፣ «ስታስቢው የከረምሽው ይህንን ነው?»

«እውነቱን ነው የምነግርህ።»

«አውቃለሁ፣ ለኔ ብለሽ ነው። ሸሚዝህ ንጹሕ ነው ስትይኝ ዘይቱ በደረቴ ገብቶ ሲቀዘቅዘኝ ይሰማኝ ነበር። እገሌ ሰላም ብሎሃል ስትይኝ ሰውዬው ሰላም ሳይለኝ እንዳለፈ እሰማ ነበር። ስትዋሺልኝ ደስ ይለኝ ነበር እኮ። ይኸኛው ግን ትልቅ ነው፣ አትሸከሚልኝ።»

«በማርያም እልሃለሁ፣ ሰብስቤ።»

«አትማዪ» አለ በቀስታ። «ለኔ ብለሽ በሐሰት ብትምዪ ኃጢአቱ በሁለታችንም ላይ ነው።»

ሰኔ 1፣ እሑድ

ኢሳን ለምኜ ቤት አመጣሁት። መሐላ ሳይቀረው፣ በቁርአን ሁሉ ምሎ፣ እኔ ነኝ የሸጥኩላት አለው። ሰብስቤ ሻይ አስቀዳለት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀው፣ አመሰገነው። በር ድረስ ሸኝቶት ሲመለስ «ኢሳ ደግ ሰው ነው። ምን ብለሽ ለምነሽው ነው?» አለኝ።

ካሳሁንም እንደዚሁ አለው። ካሳሁንማ ከመጀመሪያውም የዘይቱን ነገር ብሎ ነበር፣ አስታውስ አልኩት። «እሱም የዚያን ቀን ከኔ ላይ ሊያነሣልኝ ብሎ ነው» አለ። ማንን ላምጣ? ዴም ያለው ሐበሻ በሙሉ ተሰልፎ ቢምል፣ ምን ያህል ሰው እንዳዘነለት ነው የሚቆጥረው።

ለህሊና በስልክ ነገርኳት። «ማማ፣ ኸላስ፣ ተይው፣ ባባ ይረሳዋል» አለችኝ። አይረሳውም። የሚረሳው እጁን ነው።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

እጅጋየሁ ፈቃድ ሰጠችኝ፣ ቤት ዋልኩ። ሰብስቤ ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ሊታጠብ ግቢ ወጣ። ቧንቧውን ከፍቶ ሁለት እጁን ሥሩ ዘርግቶ ቆመ። ቆየ። ውኃው ይፈሳል፣ እሱ አይታጠብም። ምን ሆንክ ብዬ ወጣሁ።

«ይሜ» አለኝ፣ «ውኃው ሞቃት ነው ወይስ ቀዝቃዛ?»

እጁ ውኃው ውስጥ ነው።

ሄጄ ከእጁ አጠገብ እጄን ከተትኩ። ሞቃት ነው አልኩት፣ ፀሐይ ቧንቧውን አግሎታል።

«እሺ» አለና ታጠበ።